የጥላሸት ማጣሪያና የሞተር ዘይት አመድ

የጥላሸት ማጣሪያ የተገጠመለት የናፍጣ መኪና ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ቆላ ሲወርድ እናስብ። በቁልቁለቱ ጭሱ ስለሚቀዘቅዝ በማጣሪያው የተጠራቀመው ጥላሸት አይነድም። ጭኖ ዳገቱን ሲመለስ ጭሱ ይግላል፤ ሞተሩም ነዳጅ ጨምሮ ሙቀቱን ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያደርሰው ጥላሸቱ ተቃጥሎ ይወገዳል።

አመዱን ግን የትኛውም ዳገት አያነሣውም። የሚመጣው ከሞተር ዘይቱ ነው፤ ሞተሩን ከሚያጥቡና ከመፋቅ ከሚጠብቁ የካልሲየም፣ የማግኒዥየምና የዚንክ ውሁዶች። ስለዚህ በጣሳው ላይ «15ደብሊው-40» የሚለውን ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ያወቀው የዘይቱን ውፍረት ነው፤ ስለ አመዱ ገና አልጠየቀም። ለቀላል ተሽከርካሪዎች የወጣው የአውሮፓ መደብ ሲ3 አመዱን በ0.8 በመቶ ይገድባል፤ ለከባድ መኪናዎች የወጣው የአሜሪካው ሲኬ-4 ደግሞ በ1.0 በመቶ። የትኛው እንደሚስማማ የሚወስነው የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ነው።

አመድ መቀነስ ዋጋ አለው፤ እነዚያው ውሁዶች ከነዳጁ ድኝ የሚፈጠረውን አሲድ ያመክናሉና። ናፍጣው ድኝ የበዛበት ከሆነ አመደ-ቀላሉ ዘይት ቶሎ ይደክማል። በእኔ ፍርድ ያን ጊዜ የሚያሳጥሩት የዘይት መለወጫውን ጊዜ ነው እንጂ አመደ-ብዙ ዘይት አይገዙም፤ በአመድ የተደፈነ ማጣሪያ ተፈትቶ ካልተጠረገ ወይም ካልተለወጠ አይድንምና።