ውስጡ የሚታይ የጣውላ ቀንድ ድምፅ ማጉያ



እረኛ ከማዶ ያለውን ሰው ሲጣራ ሁለት እጆቹን በአፉ ዙሪያ ያደርጋል። ጉልበቱ አልጨመረም፤ ድምፁ ግን ይርቃል። የቀንድ ድምፅ ማጉያም ሥራው ይኸው ነው።

ተራ ድምፅ ማጉያ ከአምፕሊፋየር ከሚደርሰው ኃይል ወደ ድምፅ የሚለውጠው ከመቶ አንድ ያህሉን ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ትንሿ የእስፒከር ወረቀት ሰፊውን አየር አጥብቃ መያዝ አትችልምና። ቀንድ ሲገጠምላት ግን በጠባቡ ጉሮሮ ያለውን ጥቂት አየር በብርቱ ትገፋለች፤ ግፊቱም ቀስ በቀስ እየሰፋ በትልቁ አፍ ይወጣል። በሚገባ የተሠራ ቀንድ ከመቶ አሥርና ከዚያም በላይ ወደ ድምፅ ይለውጣል። እንግዲህ በመኪና ባትሪ ለሚገለገል ጉባኤ ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው። አምፕሊፋየሩን እስከ መጨረሻው ከፍቶ እስፒከር ማቃጠልም ይቀራል።

በአሜሪካ ፖል ክሊፕሽ የተባለው መሐንዲስ በ1946 እ.ኤ.አ. በአርካንሳስ ድርጅት አቋቁሞ የሠራው ድምፅ ማጉያ የክፍሉን ማዕዘን የቀንዱ ማራዘሚያ አድርጎ ይጠቀማል። እኛም የምንመክረው ይህንኑ ዘዴ ነው።

ልኩ እንደሚከተለው ነው።

1. ሣጥኑ ከ18 ሚ.ሜ. ኮምፔንሳቶ ይሠራ። የውስጡ ወርድ ከጉሮሮ እስከ አፍ 30 ሴ.ሜ. ይሁን።

2. የመተላለፊያው ከፍታ በጉሮሮው 2.5 ሴ.ሜ. ሆኖ በየ19 ሴ.ሜ. እጥፍ ይሁን፤ ይኸውም 5፣ 10፣ 20፣ 40 ሴ.ሜ. ማለት ነው። ርዝመቱ 76 ሴ.ሜ. ይሆናል። መንገዱ በሣጥኑ ውስጥ ሊታጠፍ ይችላል፤ ርዝመቱ የሚለካው በመተላለፊያው መካከል ነው።

3. ከ15 እስከ 20 ሴ.ሜ. የሆነ እስፒከር ፊቱን ወደ ሰሚው አድርጉት። ቃላትን የሚያስለየው ቀጭን ድምፅ በቀጥታ ይሄዳል፤ ከጀርባው የሚወጣው ወፍራም ድምፅ እስከ 100 ሄርዝ ድረስ በቀንዱ ይረዳል።

4. ሣጥኑን ወለልና ሁለት ግድግዳ በሚገናኙበት ማዕዘን አስቀምጡት። በአየር መካከል ቢሰቀል ስምንት እጥፍ ያህል የሚሰፋ አፍ በተፈለገ ነበር።

ከጎኖቹ አንዱን 10 ሚ.ሜ. ውፍረት ካለው ብርሃን አሳላፊ ፕሌክሲግላስ መሥራት ይጠቅማል። የታጠፈው መንገድ በጣውላ ከተዘጋ በኋላ የላላ ጣውላ፣ የተሰነጠቀ ኮላ ወይም የነፍሳት ጎጆ ቢኖር ማንም አያየውም። በአሳላፊው ጎን ግን ስሕተቱ ይታያል፤ ለሠልጣኞችም ድምፅ በየት እንደሚሄድ በጣት ማሳየት ይቻላል።

የውስጥ ጣውላዎች ሁሉ ወርዳቸው እኩል ይሁን፤ ጠርዛቸው ላይም ስስ ስፖንጅ ይለጠፍ። ፕሌክሲግላሱ በዳር ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ የውስጥ ጣውላ ላይ በብሎን ይታሰር፤ አለዚያ እየተንቀጠቀጠ ይንዛዛል። በሙቀት ስለሚለጠጥ ቀዳዳው ከብሎኑ ጥቂት ይስፋ። በሳሙናና በውኃ እንጂ በአልኮል አይጠረግ፤ ይሰነጣጠቃልና። የመስኮት መስተዋት ግን አትጠቀሙ፤ ቢሰበር አደጋ ያመጣል።

ከመቁረጣችሁ በፊት ሥዕሉን በሙሉ ልኩ በካርቶን ላይ ሥሩት። ኮላውንም ከመቀባታችሁ በፊት ሣጥኑን በብሎን ብቻ አስራችሁ የሰው ንግግር አሰሙበት። በየመጋጠሚያው እጃችሁን አስጠጉ፤ አየር የሚያመልጥበትን አጥብቁ። የመጨረሻውን ፍርድ ግን በኋለኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው ተዉለት፤ የሚደክመው ሁሉ ለእርሱ ነውና።