ቀይ በግራ፣ አረንጓዴ በቀኝ፦ ጀልባ በሌሊት እንዴት ይጓዛል?

ሞጣና ቢቸና ለዓባይ ቅርብ ናቸው፤ ለጀልባ ግን ሩቅ። ወንዙ የምሥራቅ ጎጃምን ጫፍ ይዞ የሚወርደው በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተመ ነው። ስለዚህ የአካባቢው ሰው ከዓባይ ጋር ያለው ዋና ጉዳይ መሻገር ሆኖ ኖሯል። በሞጣ በኩል ጎጃምን ከጎንደር የሚያገናኘው የድንጋይ ድልድይ በዐፄ ፋሲል ዘመን፣ በ17ኛው መቶ ዘመን ተሠራ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ፈረሰና «ሰባራ ድልድይ» ተብሎ ቀረ። ከዚያ በኋላ መንገደኛው ገመድ ታስሮ፣ ከወዲህና ከወዲያ ባሉ ጎልማሶች እየተጎተተ በክፍተቱ ላይ ያልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ» የተባለ ድርጅት ክፍተቱን በብረት ገጠመው። በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በ2009 ደግሞ ከፍ ያለ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

ከዓባይ ጋር እንዲህ የኖረ ሰው ውኃን በሌሊት አይደፍርም፤ ልክ ነው። ነገር ግን ያው ሰው መኪና ተሳፍሮ በአዴት በኩል ባሕር ዳር ሲገባ ሌላ ዓይነት ውኃ ይጠብቀዋል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው። ገዳማቱን ለመሳለም፣ የካቲት 16 ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ለማንገሥ፣ ዘመድ ለመጠየቅ፣ ለንግድ ጀልባ መያዝ የግድ ነው። ባሕር ዳር ከዘጌ በዘገምተኛ ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከደቅ ደሴትና ከናርጋ ሥላሴ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሦስት ሰዓትም ይፈጃል። ከናርጋ አሥር ሰዓት ላይ የተነሳ ጀልባ ታዲያ ሳይደርስ ሊመሽበት ይችላል። በአገራችን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ድንግዝግዙ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይቆይም። ለዚህ ነው የሌሊት ጉዞ ጣና ላይ ብዙ ጊዜ ታቅዶ ሳይሆን ዘግይቶ የሚመጣው፤ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ሲመሽ ደግሞ ሐይቁ ባዶ አይሆንም። ዓሣ አስጋሪው መረቡን የሚጥለው ወደ ማታ ነው፤ የሚያነሳው ሲነጋጋ ነው። ከዘጌ ማገዶ ጭኖ ለባሕር ዳር ገበያ የሚቀዝፍ ታንኳ ጎሕ ሳይቀድ ይነሳል። የሞተር ጀልባው፣ ታንኳው፣ መረቡና ጉማሬው በአንድ ጨለማ ውስጥ ይገናኛሉ።

እዚህ ላይ መኪና የለመደ ሰው መጀመሪያ የሚስተው ነገር አለ። የመኪና የፊት መብራት መንገድ ያሳያል። የጀልባ የጉዞ መብራት ግን ለነጂው አንዳች ነገር አያሳየውም፤ የተሠራው ለሌላው ነው። «እኔ እዚህ ነኝ፤ ፊቴ ወዲህ ነው፤ የምሄደው ወዲያ ነው» ብሎ ለሚመጣው ይነግራል። ስለዚህ በኃይለኛ ፓውዛ ፊት ለፊት እያበሩ መክነፍ ጥንቃቄ ይመስላል እንጂ የሚመጣውን ሰው ዓይን ያሳውራል፤ ቀዩንና አረንጓዴውንም ይሸፍናል። ፓውዛ ለአፍታ በርቶ የሚጠፋ መፈለጊያ ነው።

የመብራቶቹ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣውና በ1977 ሥራ ላይ በዋለው የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ዓለም አቀፍ ደንብ የተወሰነ ነው። ደንቡ የተጻፈው ለባሕርና መርከብ ከባሕር ሊደርስባቸው ለሚችል ውኆች ቢሆንም፣ የሐይቅና የወንዝ ሕጎች በብዙ አገር ከእርሱ የተቀዱ ናቸው። በጀልባዋ ግራ ቀይ፣ በቀኝ አረንጓዴ ይበራል፤ እያንዳንዱ ከፊት ጀምሮ ወደ ጎን 112.5 ዲግሪ ብቻ ይታያል። ከኋላ ነጭ መብራት የቀረውን 135 ዲግሪ ይሸፍናል። ሦስቱ ሲደመሩ 360 ይሆናሉ፤ ዙሪያው ተሟላ ማለት ነው። የሞተር ጀልባ ከእነዚህ በላይ ከፍ ብሎ ወደ ፊት የሚታይ ሌላ ነጭ መብራት ይጨምራል።

አሁን ነጂው ከጨለማው ውስጥ ምን ያነባል? ቀይና አረንጓዴ አንድ ላይ ከታዩት ያች ጀልባ ፊቷን አዙራ ወደ እርሱ እየመጣች ነው፤ ሁለቱም ወደ ቀኛቸው ይታጠፋሉ። ቀይ ብቻ ካየ ግራ ጎኗን እያየ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከቀኙ ተነስታ ፊቱን አቋርጣ ልታልፍ ነው፤ ቅድሚያው የእርሷ ነውና ፍጥነቱን ይቀንሳል ወይም በኋላዋ በኩል ይዞራል። አረንጓዴ ብቻ ከሆነ ከግራው የምትመጣው እርሷ መልቀቅ አለባት፤ እርሱ አቅጣጫውን ሳያወላውል ይጓዛል፣ ዓይኑን ግን አይነቅልም። ነጭ ብቻ ከሆነ ወይ ከኋላዋ እየደረሰባት ነው፣ ወይ መልሕቅ ጥላ የቆመች ናት፣ ወይም ባትሪ የያዘ ቀዛፊ ነው። በሦስቱም ነጩን ሰፋ አድርጎ መዞር ነው።

ከዚህ ሁሉ እኔ አብልጬ የምወደው ምንም መሣሪያ የማይጠይቀውን አንዱን ዘዴ ነው። ነጂው ከተቀመጠበት ሳይነቃነቅ የሩቁን መብራት ከጀልባው ጣሪያ ምሰሶ ጋር ያስተካክለዋል። ጥቂት ቆይቶ መብራቱ ከምሰሶው ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ከሸሸ ሁለቱ ይተላለፋሉ። እየደመቀ እየቀረበ መጥቶ ከምሰሶው ጋር እንደተጣበቀ ከቀረ ግን መጋጨታቸው አይቀርም። የማይንቀሳቀስ የሚመስለው መብራት ነው አደገኛው። ሰው ግን የሚፈራው የሚንቀሳቀሰውን ነው፤ ብዙ ጀልባ ነጂ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ወደ ባሕር ዳር ሲጠጉ ይህን ማንበብ ይከብዳል። የከተማው መብራት፣ የሆቴሎቹ አምፖል፣ በሐይቁ ዳር የሚያልፈው መኪና ሁሉ ውኃው ላይ ይወርዳል። ከዚያ ፊት ለፊት ያለች የአንዲት ጀልባ ትንሽ መብራት እንደ አንዱ የሱቅ አምፖል ትቆጠራለች። መፍትሔው ማዝገምና በብርሃኖቹ መካከል እየጠፋ እየታየ የሚሄደውን መፈለግ ነው፤ የሚያልፍ ጀልባ የኋላውን መብራት በየተራ ይጋርዳልና።

ዓይንም የራሱ ሕግ አለው። ሙሉ በሙሉ ጨለማውን እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስድበታል፤ ልማዱን ለማጥፋት ግን አንድ የስልክ ብርሃን ይበቃል። ነጂው አጠገብ የተቀመጠ ተሳፋሪ ስልኩን ከፍቶ ፎቶ ሲያይ ለብዙ ደቂቃ ነጂውን አሳወረው ማለት ነው። መብራት የግድ ካስፈለገ ደብዛዛ ቀይ ይሻላል። ሌሊት ነጂውን ማገዝ የሚፈልግ ሰው ስልኩን ያጥፋ፤ ከፊት ተቀምጦም አብሮ ይመልከት፣ ይስማ።

ታንኳ ለብቻው መነሳት አለበት። ከደንገል የተሠራ፣ በውኃ የራሰ፣ ከውኃው ወለል ብዙም ከፍ የማይል፣ ብረት የሌለው ነገር ነው። በሌሊት ከሐይቁ ተለይቶ አይታይም። በዚያ ላይ ቀዛፊው ሞተሩን ከሩቅ ይሰማዋል፤ ሞተር ነጂው ግን የመቅዘፊያውን ድምፅ ፈጽሞ አይሰማም። ዓለም አቀፉ ደንብ ለቀዛፊ ያዘዘው ትንሽ ነገር ነው፦ ግጭት ሳይደርስ በጊዜ የሚያሳየው አንድ ነጭ ባትሪ ወይም ፋኖስ ይያዝ። ለእያንዳንዱ ታንኳ አንድ በፀሐይ የሚሞላ መብራት መስጠት ከማንኛውም ትልቅ ፕሮጀክት በፊት ሊደረግ የሚገባውና የሚቻል ነው። ታንኳው ላይ ያለው ሰው በብርሃኑ ፈንታ በዕድሉ እንዲተማመን መተው አይገባም።

መረቡም መታሰብ አለበት። ከላዩ የሚንሳፈፈው ቡሽ ወይም ባዶ ሃይላንድ በቀን እንኳ በማዕበል መካከል በጭንቅ ይታያል። በውኃ ውስጥ የሚዞረው የሞተሩ ማራገቢያ መረብ ከጠቀለለ ጀልባው ይቆማል፤ የቆመ ጀልባ ደግሞ ነፋስ ወደወሰደው ይሄዳል። እምቦጭ የተባለው የውኃ አረምም እንዲሁ ማራገቢያ ያንቃል። በዓባይ መውጫ አካባቢ ጉማሬዎች በሌሊት ለመጋጥ ወደ ዳር ይወጣሉና፣ ዳር ዳሩን ይዞ መሄድ በጨለማ ጊዜ ከመካከሉ የከፋ ሊሆን ይችላል።

ፍጥነትን በሒሳብ ማየት ይጠቅማል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ጀልባ በሴኮንድ ከ4 ሜትር በላይ ትጓዛለች። ባትሪው 40 ሜትር ድረስ የሚያሳይ ከሆነ ነጂው ለማየት፣ ለመወሰንና ለመዞር ያለው ጊዜ አሥር ሴኮንድ አይሞላም። ፍጥነቱን በእጥፍ ሲጨምር አምስት ሴኮንድ እንኳ አይተርፈውም፤ ጀልባ ደግሞ ፍሬን የላትም። በክረምት የሐይቁ ዝናብ ከቀን ይልቅ ሌሊት ስለሚበረታ ደመናው ከብዶ ሲታይ ደሴት ላይ ማደር ይሻላል። ገዳማቱ እንግዳ ማሳደር ያውቁበታል።

ከመሳፈር በፊት ተሳፋሪው ሊጠይቅ ይገባል፦ መብራቱ ይሠራል? የሕይወት አድን ጃኬት ለሁላችን አለ? መቀመጫ ሥር የተቆለለ ጃኬት ሌሊት ፈልጎ የሚያገኘው የለም፤ የሚለበሰው ከወደቡ ሳይነሱ ነው፤ ፊሽካና ብርሃን የሚያንጸባርቅ ጨርቅ ቢኖረው ደግሞ ይመረጣል። የነጂውን እጅ ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ገመድም መታሰሩን ማየት ነው። ነጂው ከወደቀ ገመዱ ሞተሩን ያጠፋል፤ ካልታሰረ ግን ጀልባዋ ነጂ የሌላት ሆና ትሮጣለች። በአገራችን የሐይቅና የወንዝ ትራንስፖርትን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ነው፤ ይህን መጠየቅ ግን ባለሥልጣን መሆን አይጠይቅም።

ጉዳዩ በጣና ላይ እየሰፋ ነው፤ በጣና ብቻም የሚቀር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 «ጣና ነሽ 2» የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ በመኪና ተጭና ጣና ገብታለች። ከጣና ውጭ ደግሞ በዚያው ዓመት የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ ያጠራቀመው ንጋት ሐይቅ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ያ ሁሉ ውኃ ሲሞላ ዛፍና ኮረብታ ውጧል። ዓሣ ለማስገር የሚወርዱት ወጣቶች ሐይቅ ዳር ያላደጉ ናቸው፤ ቀይና አረንጓዴውን የሚያስተምራቸው ሽማግሌም የላቸውም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም አንድ ሰው በሌሊት ከጀልባ ቢወድቅ ሥራው ይከፋፈላል። አንዱ ዓይኑን ከወደቀው ሰው ላይ ሳይነቅል በእጁ ወደ እርሱ ይጠቁማል፤ ሌላ ነገር አይሠራም። ሌላው ባዶ ጀሪካን፣ ጃኬት፣ የሚንሳፈፍ ማንኛውንም ነገር ይወረውራል። ነጂው ዞሮ በዝግታ ይጠጋል፤ ከሰውየው ጥቂት ሜትሮች ሲቀሩት ሞተሩን ያጠፋል፤ ማራገቢያው እየዞረ ማንንም ወደ ጀልባው አይስብም። ከዚያ የወደቀውን በኋላ ወይም በጎን በኩል፣ የተቀሩት ተሳፋሪዎች በሌላው ጎን ተቀምጠው ጀልባዋን እያመዛዘኑ፣ ይጎትቱታል።