የጤፍ ዱቄት ፓተንት፦ ሥርዓቱ ይፍረስ ወይስ ይታረም?

ፓተንት መንግሥት ለፈጠራ ባለቤት የሚሰጠው፣ ሌሎች ያለ ፈቃዱ በፈጠራው እንዳይጠቀሙ የሚከለክል፣ በጊዜ የተገደበ መብት ነው። የፈጠራው ባለቤትም በምላሹ የሥራውን ምሥጢር ለሕዝብ ይገልጣል። ይህ ልውውጥ ለኅብረተሰቡ የሚያዋጣ ስለ መሆኑ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት አይስማሙም። ሚኬሌ ቦልድሪንና ዴቪድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጽሑፍ ፓተንት ፈጠራንም ሆነ ምርታማነትን ለማሳደጉ በቂ ማስረጃ ባለመኖሩ ሥርዓቱ እንዲሰረዝ ተከራክረዋል። ከእነርሱ በፊት ፍሪትስ ማክሉፕ በ1958 ለአሜሪካ ሴኔት ባዘጋጁት ጥናት፣ ሥርዓቱ ባይኖር ኖሮ አዲስ እንዲቋቋም መምከር እንደሚያስቸግር፣ ከተቋቋመ በኋላ ግን ይሰረዝ ማለትም እንዲሁ እንደሚያስቸግር አመልክተው ነበር። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በጤፍ ዱቄት ፓተንት አማካይነት ይመረምራል።

ፓተንትን የሰረዘች አገር

ጤፍን የሚመለከተው ክርክር የተካሄደባት ኔዘርላንድ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1869 የፓተንት ሕጓን ሰርዛ ነበር። በ1891 የተመሠረተው የፊሊፕስ ኩባንያ የኤሌክትሪክ አምፖል ማምረት የጀመረው በዚሁ ፓተንት አልባ ዘመን ነው። ይሁን እንጂ የሌሎች አገሮች ጫና እየበረታ በመሄዱ አገሪቱ በ1910 ባወጣችው ሕግ ሥርዓቱን መለሰች። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ያለ ፓተንትም ኢንዱስትሪ ሊያድግ መቻሉ ነው። ሁለተኛው፣ ፓተንት በተሰጠበት አገር ብቻ የሚጸና መብት በመሆኑ አንድ አገር የራሷን ሕግ ብትሰርዝም በሌላ አገር የተሰጠውን ልትነካ አለመቻሏ ነው። ኢትዮጵያ የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987ን ብትሽር እንኳ በአውሮፓ የተሰጠው የጤፍ ፓተንት ባልተናጋ ነበር።

የጤፍ ዱቄት ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ የብዝኀ ሕይወት ጥበቃ ተቋም ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር የጤፍን የዘር ሀብት ስለ መጠቀምና ጥቅሙን ስለ መጋራት ውል ተፈራረመ። ኩባንያው ግን ከውሉ አስቀድሞ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፓተንት ማመልከቻ አስገብቶ ነበር፤ የአውሮፓ ፓተንት ጽሕፈት ቤትም በጥር 2007 ፓተንቱን ሰጠው። የይገባኛል ጥያቄው ዋና ነጥብ እህሉ ከታጨደ በኋላ ጊዜ ተሰጥቶት፣ «የመውደቂያ ቁጥር» የሚባለው የዱቄት ጥራት መለኪያ ቢያንስ 250 ሲደርስ መፍጨት የሚል ነው። በቀላል አነጋገር፣ ጤፍን አክርሞ መፍጨት ማለት ነው። ጎተራ ላለው የኢትዮጵያ ገበሬ ይህ እንግዳ ሥራ አይደለም።

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱም ወደ ሌላ ኩባንያ ተላለፈ። ሬጂነ አንደርሰንና ቶነ ቪንገ በ2012 ባወጡት ጥናት መሠረት ኢትዮጵያ ከውሉ በገንዘብ ያገኘችው 4,000 ዩሮ ገደማ ብቻ ነበር። በመጨረሻ የፓተንቱ ባለቤት አንድ ተወዳዳሪ ድርጅትን መብቴን ጥሷል ብሎ ሲከስ፣ ተከሳሹ ፓተንቱ ራሱ እንዲሻር ጠየቀ። የሄግ ፍርድ ቤትም በኅዳር 2018 ፓተንቱ ፈጠራዊ ብቃት የለውም በማለት በኔዘርላንድ ውድቅ አደረገው። ኢትዮጵያ በክርክሩ ውስጥ ተከራካሪ ወገን አልነበረችም።

ስሕተቱ የት ነበር?

የአውሮፓ ፓተንት ስምምነት አንቀጽ 54 በቀደምት ዕውቀትነት የሚቆጥረው የተጻፈውን ብቻ አይደለም፤ በቃል የተነገረውና በተግባር የዋለውም ለሕዝብ የተገለጠ እስከ ሆነ ድረስ ይቆጠራል። ስለዚህ ሕጉ የገበሬውን ዕውቀት አልናቀም። መርማሪው ግን በዋነኛነት የሚያስሰው የፓተንት መዛግብትንና የሳይንስ መጽሔቶችን በመሆኑ፣ በጎተራና በወፍጮ ቤት ያለው ዕውቀት ከዓይኑ ይሰወራል። ጉድለቱ ከሕጉ ቃል ይልቅ በፍተሻው ላይ ነው።

ሥርዓቱ ይሰረዝ የሚሉ ወገኖች እዚህ ላይ ጠንካራ መልስ አላቸው። ፓተንቱ ከተሰጠ እስኪሻር ከ11 ዓመት በላይ አልፏል፤ ለማንኛውም ሰው ክፍት የሆነው የመቃወሚያ ጊዜ ግን 9 ወር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መሟገት የሚችለው የጠበቃ ወጪ የማይከብደው ነው። ይህ ትችት እውነት ነው። ሆኖም የሚያሳየው የመቃወሚያው በር መጥበቡን ነው፤ በሩን ማስፋት ደግሞ ቤቱን ሳያፈርሱ የሚቻል ነው።

ሊታረም እንደሚችልም ምሳሌ አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1995 እርድን ለቁስል ማዳኛ ስለ መጠቀም የተሰጠ ፓተንት፣ የሕንድ የሳይንስና ኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት የቀደሙ ጽሑፎችን አቅርቦ በመቃወሙ በ1997 ተሽሯል። ከዚህ በኋላ ሕንድ ባህላዊ ዕውቀቷን ለፓተንት መርማሪዎች በሚመች መልክ የያዘ የዲጂታል ቤተ መዛግብት አደራጅታለች። በግንቦት 2024 ደግሞ የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት አባል አገራት፣ በዘር ሀብት ላይ የተመሠረተ ፈጠራ የሚያስመዘግብ አመልካች የሀብቱን ምንጭ እንዲገልጽ የሚያስገድድ ስምምነት አጽድቀዋል።

መደምደሚያ

የጤፍ ጉዳይ ሥርዓቱን ከማፍረስ ይልቅ ማረምን ይደግፋል፤ እርማቱ ግን ከስም ያለፈ መሆን አለበት። የምንጭ መግለጫ ግዴታ ይሁን፤ የመቃወሚያ ጊዜውና ወጪው ዕውቀቱን ያቆዩትን ማኅበረሰቦች አቅም ያገናዝብ፤ ያልተጻፈው ዕውቀትም ይሰነድ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የአገሮችን ስምምነት ይጠብቃሉ። ሦስተኛውን ግን የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቁ፣ የባለቤቶቹን ማኅበረሰቦች ይሁንታ ብቻ አግኝተው፣ ዛሬውኑ ሊጀምሩት ይችላሉ።