የጓሮ ኩሬና የልጅ ልጆቻችን

ጓሮ ያለው ሰው ጡረታ ሲወጣ እጁ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። አንዱ ዶሮ ያረባል፣ ሌላው ቡናና ጌሾ ይተክላል። አሁን አሁን ደግሞ በየጓሮው ትንንሽ ኩሬ መቆፈር እየተለመደ መጥቷል። ዳር ዳሩን ደንገል፣ መሃሉ ላይ የውሃ አበባ፣ ሥር ሥሩን የሚሽሎከለኩ ዓሦች፤ ከከሰዓት በኋላ ቡና እየጠጡ ሲያዩት መንፈስን ያድሳል። እኔም ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት አገልግዬ ጡረታ ስወጣ ቢሾፍቱ ባለው ጓሯችን ከባለቤቴ ጋር ያስቆፈርነው ኩሬ አለን። ስለዚህ ዛሬ የምጽፍላችሁ እንደ አትክልተኛም እንደ ጤና ባለሙያም ነው።

በ1995 ዓ.ም. አካባቢ በየገበሬው ጓሮ የዝናብ ውሃ ማቆሪያ ጉድጓድ በብዛት ሲቆፈር እኔ በቆላማ አካባቢ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። ያኔ እናቶች ደጋግመው የሚጠይቁን ሁለት ነገር ነበር፤ “ወባ አያመጣብንም ወይ? ልጅስ አይገባበትም ወይ?” የዛሬዎቹን የጌጥ ኩሬዎች ሳይ የሚታወሱኝ እነዚያ ጥያቄዎች ናቸው። ሁለቱም ዛሬም ትክክለኛ ጥያቄዎች ናቸው።

ምን እንትከል?

የኩሬ ተክል በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ሥሩ ውሃ ውስጥ፣ ቅጠሉ ውሃ ላይ የሚዘረጋው የውሃ አበባ ነው። ሥሩን በቀጥታ ጭቃው ላይ ከመትከል ጎኑ በተበሳሳ ባልዲ ውስጥ ከባድ አፈር ሞልቶ፣ አፈሩ እንዳይታጠብ ከላይ ጠጠር አልብሶ ማስቀመጥ ይሻላል። ፍግ አታብዙበት፤ ውሃውን ያበላሸዋል። ቦታው በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ካላገኘ ማበቡ ያጠራጥራል። ቅጠሉ የኩሬውን ግማሽ ያህል ሲሸፍን ውሃው ይቀዘቅዛል፤ አረንጓዴው አልጌም ይቀንሳል።

ሁለተኛው ጥልቀት በሌለው ዳር የሚበቅለው ነው። የጣና ሰዎች ታንኳ የሚሠሩበት ደንገል፣ ፊላ፣ ለበዓል የምንጎዘጉዘው ቄጠማ ሁሉ እዚህ ይመደባሉ። ደንገልና ፊላ ሥራቸው ስለሚዛመት ባልዲ ውስጥ ካልተተከሉ በጥቂት ዓመት ኩሬውን ይወርሱታል። ሦስተኛው ከዳር ወጣ ብሎ እርጥብ አፈር የሚወደው ነው፤ ጎደሬ፣ ሸንኮራ፣ ናና። ጎደሬ ቅጠሉ እንደ ጃንጥላ የሚያምር፣ ሥሩ ተቀቅሎ የሚበላ በመሆኑ ከጌጥም በላይ ነው። ዓሣ ያለበት ኩሬ ሲጠረግ የሚወጣው ውሃም ለጎመንና ለቆስጣ ጥሩ ማዳበሪያ ነው። ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣ ግን አታጠጡት።

አንድ ተክል ግን በፍጹም አታስገቡ፤ እንቦጭን። ሐምራዊ አበባው ያሳሳል፣ “ለጌጥ ትንሽ ልውሰድ” ያሰኛል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ይህ አረም በ1965 እ.ኤ.አ. በቆቃ ታየ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ጣና ላይ ተመዘገበ፤ ጣና ላይ ያደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን። ከጓሮ በጎርፍ ወንዝ ከገባ መልሶ የሚሰበስበው የለም።

ትንኟ

ትንኝ ቆሞ በሚውል ውሃ ላይ እንቁላል ትጥላለች። በሞቃት ቦታ ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ የሚወስደው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ነው። ቅጠል ጥቅጥቅ ብሎ ሲሸፍነው እጩ ከዓሣ ይደበቃል፤ ስለዚህ ግማሹ ውሃ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። ጥቂት ትንንሽ ቆሮሶ ዓሦች እጩን እየለቀሙ ይበላሉ፤ አንዳንዴ ለስላሳ ተክልም ስለሚቀነጥሱ አታብዟቸው። በሳምንት አንድ ቀን በነጭ ኩባያ ውሃ ቀድታችሁ እዩ። ከውሃው ወለል ጋር ተጋድሞ የሚንሳፈፍ እጭ የወባ ትንኝ ዘር ነው፤ ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው የሌላ ትንኝ ነው። ሁለቱም አያስፈልጉንም።

ኩሬውን ብቻ ግን አንክሰስ። አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሃር ከታየች ወዲህ በድሬዳዋና በሌሎች ከተሞች ተገኝታለች። እሷ የምትወደው እንደ ሮቶና በርሜል ያለ የተጠራቀመ ውሃ ነው። ዓሣ ያለበት ኩሬ ኖሮ ክዳን የሌለው በርሜል አጠገቡ ከተቀመጠ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ስለ ብልሃርዝያም ይጠይቁኛል። በሽታው የሚተላለፈው የታመመ ሰው ሽንት ወይም ዓይነ ምድር ውሃ ገብቶ፣ ተውሳኩ በቀንድ አውጣ ውስጥ ሲራባ ነው። የመጸዳጃ ፍሳሽም ሆነ የወንዝ ውሃ የማይገባበት የጓሮ ኩሬ በዚህ ብዙ አያሰጋም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ እንዳስተዋሉት፣ እንዶድ ቀንድ አውጣን ይገድላል። ነገር ግን ዓሣንም ስለሚገድል ዓሣ ባለበት ኩሬ አጠገብ በእንዶድ ልብስ አትጠቡ።

ትልቁ ጉዳይ፦ ልጆች

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፣ ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ጥልቀት የሌለው ውሃም ገዳይ ነው። የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ አንፃር ከባድ ስለሆነ በግንባሩ ከወደቀ ቀና ማለት ያቅተዋል። ደግሞም ልጅ ሲሰምጥ እንደሚባለው አይጮህም፤ በዝምታ ነው የሚያልቀው። በቅጠል የተሸፈነ ኩሬ ከባዶ ኩሬ የባሰ ነው፤ ለሁለት ዓመት ልጅ የሣር ሜዳ ይመስለዋልና።

በእኛ ቤት ይኸው ነገር ከባድ ክርክር አስነስቶ ነበር። የልጅ ልጃችን መራመድ ስትጀምር እናቷ “እማዬ፣ ኩሬው ካልተደፈነ ቅዳሜ ቅዳሜ ይዣት አልመጣም” አለች። ባለቤቴ ደግሞ በእጁ የተከለውን ደንገል ሊነቅል አልፈለገም፤ “እኔ እጠብቃታለሁ” አለ። እኔ የልጄን ወገን ያዝኩ። በሥራ ዘመኔ ውሃ የወሰደባቸው እናቶች ሁሉ “አሁን እኮ እዚህ ነበር” ነበር የሚሉት። የአያት ዓይን አጥር አይሆንም። የስድሳና የሰባ ዓመት ጉልበትም ሕፃን ሮጦ አይቀድምም።

መፍትሔው ግን መድፈን አልነበረም። ውሃውን ቀንሰን ዓሦቹን ለጎረቤት ሰጠን፤ ከዚያ ኩሬውን እስከ አፉ በታጠበ ጠጠር ሞላነው። ውሃው ከጠጠሩ በታች አራት ጣት ያህል ወርዶ ይቆማል። ደንገሉ፣ ቄጠማው፣ ጎደሬው ሥራቸው ውሃ ስለሚያገኝ እንደ ድሮው ለምልመዋል፤ የጠፋው የውሃ አበባው ብቻ ነው። ክፍት ውሃ ስለሌለ ትንኟም እንቁላል መጣያ አጣች። በክረምት ዝናብ ሲበዛ ውሃው ከጠጠሩ በላይ እንዳይቆም ማፍሰሻ ቱቦ አደረግንለት። ልጅቱ ስታድግ ጠጠሩን ማውጣት ይቻላል። ልጄም ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቷን አላቋረጠችም።

ክፍት ውሃ የግድ የምትሉ ከሆነ ዙሪያውን ልጅ የማይወጣው አጥርና ራሱ የሚዘጋ በር ይኑረው፤ ወይም ከውሃው በላይ ክብደት የሚችል የፌሮ መረብ ይጋደምበት። ተክሉ በመረቡ ቀዳዳ ያድጋል። ስስ የሽቦ ወንፊት ግን ልጁን ይዞ ይሰምጣል እንጂ አያድነውም።

መርዛማ ተክልም አለ። ጽዋ የሚመስለው ነጩ ካላ ሊሊ ቅጠሉም ግንዱም ቢታኘክ አፍንና ጉሮሮን ያቃጥላል፤ ጥሬ ጎደሬም እንዲሁ። ልጅ ካኘከ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ወይም ወተት ስጡት፣ እንዲያስመልስ አታስገድዱት። ከንፈሩ ካበጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው ወደ ጤና ተቋም ሩጡ።

ልጅ ውሃ ውስጥ ቢገኝ፣ አውጥታችሁ ለእርዳታ ጩኹ። ዘቅዝቆ ማንጠልጠልና ሆድ መጫን ጊዜ ይገድላል። የማይተነፍስ ከሆነ በጀርባው አስተኝታችሁ፣ አገጩን ቀና አድርጋችሁ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ በአፉ አምስት ጊዜ እፍ በሉ፤ የጨቅላ ከሆነ አፍና አፍንጫውን አንድ ላይ። ካልነቃ የደረቱን መሃል ፈጠን እያላችሁ ሠላሳ ጊዜ ተጫኑ፣ ሁለት ጊዜ እፍ በሉ፤ እርዳታ እስኪደርስ ይህን ደጋግሙ። ቢነቃም ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ ችግሩ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

አዲስ ልትቆፍሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ አካፋ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ በዚህ ቤት ግቢ በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት ስንት ሕፃን ይገባል? የጎረቤትንም ልጅ ቁጠሩ። መልሱ አንድም እንኳ ቢሆን በጠጠር ጀምሩ። ደንገል ቁርጥራጭ ሥሩ በጠጠርም ይይዛል፤ ለጊዜው የሚቀርባችሁ የውሃ አበባው ነው።