ብዙ የኢሜይል ደብዳቤ በአንድ ጊዜ ስለ መሰረዝ
(ከራዲዮ ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ፣ ሲያስቡት ግን ሰፊ ነው። ይኸውም በእጅ ስልካችን ላይ የምናየውን ብዙ የኢሜይል ደብዳቤ በአንድ ጊዜ መሰረዝ የሚቻልበትን መንገድ፣ ከመሰረዙም አስቀድሞ ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ የሚመለከት ነው።

ማናቸውም የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የመዝገብ ቤትን ሥራ ያውቃል። ከውጭ የመጣው ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት በገቢ መዝገብ ይሰፍራል፤ ወደሚመለከተው ክፍል ይመራል፤ ጉዳዩም ሲያልቅ በዶሴው ውስጥ ይቀመጣል። በኪሳችን ይዘነው የምንዞረው የኢሜይል ሣጥን ግን ራሱ መዝገብ ቤት ሆኖ ሳለ መዝገብ ያዥ የለውም። የቅጥር ውል፣ የባንክ መግለጫ፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ ላኪው የማይታወቅ የሎተሪ ወሬ፣ ሁሉም በአንድ በር ገብተው በአንድ ክምር ይከማቻሉ። ጥቂት ዓመታት ሲያልፉም ቁጥራቸው ከዐሥር ሺህ በላይ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ባለቤቱ ይሰለቻል፤ ሲሰለችም ወይ ጨርሶ ይተወዋል፣ ወይ ሁሉንም በአንድ ምሽት ጠራርጎ ለመጣል ይነሣል።

ይህን ንግግር እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ በአንድ ወዳጄ ላይ የደረሰው ነገር ነው። ሣጥኑ ሞልቶ አዲስ ደብዳቤ መቀበል ስላቆመ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ ከሁለት ዓመት በፊት የመጣውን ሁሉ በጅምላ መርጦ ሰረዘ፤ ቦታው ቶሎ እንዲለቀቅለትም መጣያውን በዚያው ሰዓት ባዶ አደረገው። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ የልጁን የትምህርት ማስረጃ ለማረጋገጥ፣ ከአራት ዓመት በፊት በኢሜይል ተልኮለት የነበረውን ደብዳቤ እንዲያቀርብ ተጠየቀ። ደብዳቤው ከሱቅ ማስታወቂያዎች ጋር አብሮ ጠፍቷል። ሌላ ቅጂ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲመላለስ ከረመ። አባቶቻችን «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» ብለዋል፤ ወዳጄ ያፈሰሰው ግን የሚለቀም እንኳ አልነበረም።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ክምር ከየት መጣ? በመረብ ከተያያዙ ኮምፒዩተሮች አንዱ ላይ ተቀምጦ በሌላው ላይ ላለ ሰው ደብዳቤ ለመላክ የሚያስችለውን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1971 ያበጀው ሬይ ቶምሊንሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። የተቀባዩን ስም ከኮምፒዩተሩ ስም የሚለየውን፣ ዛሬ በማናቸውም የኢሜይል አድራሻ መካከል የምናየውን ምልክት የመረጠውም እርሱ ነበር። ሰባት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1978 የአንድ የኮምፒዩተር ኩባንያ የሽያጭ ሰው ለ400 ያህል ሰዎች ያልጠየቁትን የንግድ ማስታወቂያ በአንድ ጊዜ ላከ። ለኢሜይል ቴምብር አይለጠፍም፤ ለአንድ ሰው መላክና ለመቶ ሺህ ሰው መላክም ለላኪው ድካሙ እምብዛም አይለያይም። ስለዚህ የመለየቱና የመጣሉ ሥራ ሁሉ በተቀባዩ ላይ ወደቀ።

ሁለተኛው ምክንያት የቦታው መስፋት ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2004 ጂሜይልን ሲጀምር ለእያንዳንዱ ሰው የ1 ጊጋባይት ቦታ ሰጠ። ይህ በዚያን ዘመን እጅግ ሰፊ ስለ ነበር፣ ከእንግዲህ ወዲህ ደብዳቤ መጣል አያሻም፣ ሁሉን አስቀምጦ በፍለጋ ማግኘት ይበቃል የሚል አሳብ ተስፋፋ። ዛሬ በነጻ የሚሰጠው ቦታ 15 ጊጋባይት ነው፤ ነገር ግን ይህ ቦታ በዚያው ስም ከተቀመጡት ፎቶግራፎችና ሰነዶች ጋር የጋራ ነው። አፕል ለአይፎን ባለቤት በነጻ የሚሰጠው ደግሞ 5 ጊጋባይት ነው። ቦታው ሲሞላ አዲስ ደብዳቤ አይገባም። የሥራ ጥሪም ሆነ የሐኪም ቀጠሮ ከበር ይመለሳል፤ ተቀባዩም መመለሱን ሳያውቅ ይቀራል። እንግዲህ ክምሩን መቀነስ የግድ ነው፤ ጥያቄው እንዴት የሚለው ነው።

ወዳጄ የተሳሳተው በመሰረዙ ሳይሆን ደብዳቤዎቹን በዕድሜያቸው በመምረጡ ነው። የደብዳቤ ዕድሜ ዋጋውን አይናገርም። ትናንት የመጣ የጫማ ማስታወቂያ ዛሬ ከንቱ ነው፤ ከዐሥር ዓመት በፊት የመጣ የውል ደብዳቤ ግን ዛሬም ባለ ዋጋ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለውም ስለዚህ ነው። ስለዚህ በጅምላ ለመሰረዝ ለሚነሣ ሰው የምሰጠው ዋና ምክር ይህ ነው፦ በዘመን አትሰርዙ፤ በላኪ ሰርዙ። ከአንድ ሱቅ የመጡት ሦስት መቶ ማስታወቂያዎች የአንድ ዓይነት ገለባ ናቸው፤ አብረው ቢጣሉ በመካከላቸው እህል የለም። በአንድ ዘመን የመጡት ሦስት መቶ ደብዳቤዎች ግን ገለባና እህል የተቀላቀለባቸው ናቸው። ገበሬም ቢሆን በአውድማው ላይ በመንሽና በላይዳ ነፋስ እየጠበቀ ይለየዋል እንጂ ምርቱን ከነገለባው አይደፋም።

አሁን ወደ አሠራሩ እንለፍ። በአንድሮይድ ስልክ የጂሜይልን መተግበሪያ ከፍተን ከላይ ባለው የመፈለጊያ መስመር ላይ የላኪውን ስም ብንጽፍ፣ ከእርሱ የመጡት ደብዳቤዎች ተሰብስበው ይቀርባሉ። ስሙ በሌላ ሰው ደብዳቤ ውስጥ ተጠቅሶ እንደ ሆነ ያም አብሮ ሊወጣ ስለሚችል፣ ከመፈለጊያው ሥር ከሚታዩት መለያዎች ላኪውን የሚመለከተውን መርጦ ማጥራት ይገባል። ከዚያም በአንዱ ደብዳቤ ላይ ጣትን ጥቂት አቆይቶ መጫን፣ ወይም በስተ ግራ ያለውን የላኪውን ክብ ምልክት መንካት ነው፤ ደብዳቤው ይመረጣል። ቀጥሎ የሌሎቹን ምልክት እየነኩ መቀጠል ይቻላል። በአዳዲሶቹ መተግበሪያዎች ላይ አንዱ እንደ ተመረጠ «ሁሉንም ምረጥ» የሚል ቃል ከላይ ብቅ ስለሚል፣ እርሱን መንካት ድካምን ያቀላል። ምርጫው ካለቀ በኋላ የቆሻሻ ቅርጫት ሥዕል ያለበትን ምልክት ስንነካ የተመረጡት ሁሉ ወደ መጣያ ይሄዳሉ። ክምሩ ብዙ ከሆነ ይህንኑ ደጋግሞ መሥራት ነው።

በአይፎን ላይ ከስልኩ ጋር አብሮ የሚመጣው የደብዳቤ መተግበሪያ ቃሉ በእንግሊዝኛ ነው። ሣጥኑን ከፍተን «ኤዲት» የሚለውን ስንነካ ከየደብዳቤው አጠገብ ባዶ ክብ ይታያል፤ በአዳዲሶቹ ስልኮች ላይ ይህ ትእዛዝ በሦስት ነጥቦች ምልክት ሥር ሊገኝ ይችላል። ክቦቹን አንድ በአንድ መንካት፣ ወይም በሁለት ጣት ዝርዝሩን ወደ ታች እየጎተቱ ብዙውን በአንድ ጊዜ መምረጥ ይቻላል። እዚያው «ሴሌክት ኦል» የሚል ቃል አለ፤ ትርጓሜውም ሁሉንም ምረጥ ማለት ነው። በዋናው ሣጥን ውስጥ ይህን ቃል የነካ ሰው የሣጥኑን ደብዳቤ በሙሉ እንደ መረጠ ይወቅ። ይህ ትእዛዝ ማስታወቂያ ብቻ ለተሰበሰበበት ክፍል ይመቻል፤ ለዋናው ሣጥን ግን እጅግ ያሰጋል።

ደብዳቤው በብዙ ሺህ የሚቆጠር ከሆነ ሥራውን በቢሮ ኮምፒዩተር መፈጸም ይሻላል። ጂሜይልን በኮምፒዩተር ከፍቶ ከዝርዝሩ በላይ ያለውን ትንሽ አራት ማዕዘን የነካ ሰው በገጹ ላይ ያሉትን፣ አብዛኛውን ጊዜ 50 ደብዳቤዎች ይመርጣል፤ ወዲያውም የፍለጋውን ውጤት በሙሉ ለመምረጥ የሚያስችል መስመር ይቀርብለታል። በኮምፒዩተር የተሰረዘው ከስልኩም ላይ ይጠፋል።

የቦታ ማነስ ያስቸገረው ሰው ደግሞ ከደብዳቤው ቁጥር ይልቅ ክብደቱን ይመልከት። ጂሜይል በአንድ ደብዳቤ ላይ እስከ 25 ሜጋባይት የሚመዝን አባሪ ለመላክ ይፈቅዳል። 25 ሜጋባይት የሚመዝኑ 600 ደብዳቤዎች ብቻቸውን 15 ጊጋባይቱን ይሞሉታል። ስለዚህ ከመፈለጊያው ሥር አባሪ ያላቸውን ብቻ የሚያሳየውን መለያ ነክቶ፣ ከእነዚያ መካከል የማያስፈልጉትን ትልልቅ ሥዕሎችና ፊልሞች ማስወገድ፣ ሺህ አጫጭር ደብዳቤዎችን ከመሰረዝ ይበልጥ ሊጠቅም ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸውን ሦስት ነገሮች ልጠቁም። አንደኛው፣ ደብዳቤን በጣት ወደ ጎን መግፋት መሰረዝ የሚመስላቸው አሉ። በጂሜይል ላይ አስቀድሞ እንደ ተዘጋጀው ከሆነ ይህ አገፋፍ ደብዳቤውን ወደ ማኅደር ያስገባዋል እንጂ አይጥለውም፤ የያዘውንም ቦታ አይለቅም። ሁለተኛው፣ ከስልኬ ላይ ባጠፋው በቢሮዬ ኮምፒዩተር ላይ ይቆይልኛል ማለት ነው። ዋናው ደብዳቤ የተቀመጠው በድርጅቱ ማከማቻ ኮምፒዩተር ውስጥ ሲሆን፣ ስልኩም የቢሮው ኮምፒዩተርም ወደዚያው የሚመለከቱ ሁለት መስኮቶች ናቸው። በአንዱ መስኮት የተጣለው በሁለተኛውም አይገኝም።

ሦስተኛው የመጣያው ነገር ነው። በጂሜይል የተሰረዘ ደብዳቤ 30 ቀን በመጣያ ውስጥ ይቆያል፤ በእነዚህ ቀኖች ውስጥ ባለቤቱ ቢጸጸት ወደ ቦታው ሊመልሰው ይችላል። ቦታው በእርግጥ የሚለቀቀው ግን መጣያው ሲጸዳ ነው። «መጣያውን ባዶ አድርግ» የሚለው ትእዛዝ የሚያጓጓውም ስለዚህ ነው። ሣጥኑ ሞልቶ ካላስገደደው በቀር ይህን ትእዛዝ ማንም አይቸኩልበት፤ ሠላሳው ቀን ለሰው ልጅ ስሕተት የተሰጠ የይግባኝ ጊዜ ነውና። የቸገረውም ቢሆን መጀመሪያ መጣያውን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ይመልከተው።

ከመሰረዝ በፊት የሚጠበቁትም ደብዳቤዎች አሉ። የቅጥርና የዕድገት፣ የትምህርትና የሕክምና፣ የቤትና የመሬት፣ የግብርና የባንክ ጉዳይ ያለባቸውን እየፈለጉ የኮከብ ምልክት ማድረግ ወይም ለብቻ ስም ሰጥቶ በአንድ ክፍል መሰብሰብ ይገባል። እጅግ የሚያስፈልጉትን ደግሞ ወደ ሌላ ማስቀመጫ መገልበጥ፣ አትሞም በቤት ዶሴ ውስጥ ማኖር ብልህነት ነው።

ስለ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግን ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። በሀገራችን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 የኤሌክትሮኒክ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ደንግጓል። ስለዚህ ከባለጉዳይ ወይም ከሌላ መሥሪያ ቤት በኢሜይል የመጣ ደብዳቤ እንደ ወረቀቱ ሁሉ ነገ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ቀዶ መጣል የማይደፍር ሠራተኛ፣ ይህንም ስልኩ ስለ ከበደው ብቻ ሊሰርዘው አይገባም። አስቀድሞ ለመዝገብ ቤት ያስተላልፍ፤ የሚወገድ መሆን አለመሆኑንም የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ይወስን። የባለጉዳዩ መብት በእኛ ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ሊሆን ይችላልና።

በመጨረሻም፣ ምንጩ ካልተደፈነ ክምሩ ተመልሶ ይመጣል። ጉግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ማስታወቂያ በብዛት የሚልኩ ላኪዎች ተቀባዩ በቀላሉ ከዝርዝር የሚወጣበትን መንገድ እንዲያበጁ ግዴታ ጥለዋል። ስለዚህ የአንዱን ሱቅ ደብዳቤ ከሰረዝን በኋላ፣ ቀጥሎ ሲመጣ ከላኪው ስም አጠገብ መተግበሪያው ራሱ የሚያሳየውን ከዝርዝር የመውጫ ትእዛዝ መንካት ነው። ላኪው ጨርሶ የማይታወቅ ከሆነ ግን በደብዳቤው ውስጥ ያለውን ማናቸውንም ማያያዣ ሳይነኩ፣ አይፈለጌ መልእክት መሆኑን ማመልከት ይሻላል።

አድማጮቼ፤ ሥራው በአንድ ምሽት እንዲያልቅ አትድከሙ። በየሳምንቱ ዐርብ ከቢሮ ከመውጣታችሁ በፊት ዐሥር ደቂቃ ወስዳችሁ፣ የአንድ ወይም የሁለት ላኪ ደብዳቤ አስወግዱ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሣጥናችሁ ይቀላል፤ የሚያስፈልጋችሁም ደብዳቤ በተጠየቃችሁ ቀን ከእጃችሁ ይገኛል።

ለዛሬው በዚህ ይበቃናል።