ሲሰበር ማን ይጠግነዋል?

በማስተምርበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ በቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ትንሽ ቤት አለች። በሯ ዘወትር ቁልፍ ነው። በውስጧ ያለው ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ የሚስበው የኤሌክትሪክ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ሲሆን፣ በተመረቀበት ዕለት ድንኳን ተጥሎ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ ዳቦ ተቆርሶ እንደ ነበር የቆዩ አስተማሪዎች ነግረውኛል። እኔ ወደዚህ ትምህርት ቤት ተመድቤ በመስከረም ስመጣ ግን ሞተሩ ከቆመ አራተኛ ወሩን ይዞ ነበር። አንድ የግንቦት ሌሊት መብረቅ ወድቆ መቆጣጠሪያውን አቃጥሎታል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በመሥሪያ ቤት የሚያገለግል አንባቢ ሁሉ ሳልነግረው ያውቀዋል። ደብዳቤ ተጻፈ። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገባ፤ ቁጥር ተሰጠው፤ ለሚመለከተው ክፍል ተመራ። ባለሙያ ይላክ ተባለ። ባለሙያውም ከሩቅ ከተማ መጥቶ አየና፣ ዕቃው ከውጭ አገር ካልመጣ በቀር መላ የለውም ብሎ ተመለሰ። ዕቃው የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል፤ ምንዛሪውም ወረፋ ይጠይቃል። እንግዲህ እዚህ ላይ ጥፋተኛ ብንፈልግ አናገኝም። እያንዳንዱ ሰው የድርሻውን ጽፎ፣ የድርሻውን ፈርሟል። ሞተሩ ግን 14 ወር ቆመ።

በዚህ ጊዜ ለግቢው ውሃ ያመላለሱት በአብዛኛው ልጃገረዶች ናቸው። «ወንዶቹም ተራ አላቸው» የሚል ደንብ ወጥቶ ነበር፤ ደንቡ ግን ከማስታወቂያ ሰሌዳው ወርዶ ወንዝ ድረስ አልሄደም። 20 ሊትር የሚይዘውን ቢጫ ጀሪካን በጀርባቸው አዝለው ከወንዝ ደርሰው ለመመለስ ከአንድ ክፍለ ጊዜ የሚበልጥ ጊዜ ይፈጅባቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚያመልጣቸው ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ነበር። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ደግሞ የእኔ የፊዚክስ ትምህርት ነበርና፣ የባዶ ወንበሮቹን ቁጥር የምመዘግበው እኔ ነበርሁ። በዚያው ሰሞን የማስተምረው ምዕራፍ ስለ ሥራና ስለ ጉልበት መሆኑን ሳስበው ዛሬም ድረስ ያሳፍረኛል። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ክብደትን በከፍታ እያባዛሁ፣ ክብደቱን የተሸከሙት ልጆች ከክፍሉ ውጭ ነበሩ።

ከአጥራችን ማዶ ጎመንና ሽንኩርት እያለሙ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። አንድ ቅዳሜ ጎመን ልገዛ ከቤታቸው ብሄድ፣ ከጉድጓዳቸው አፍ ላይ አንድ መንኰራኩር ተተክሎ፣ የአሥር ዓመት የልጅ ልጃቸው በእጁ ያዞረዋል። ውሃው በቧንቧ ሳይቋረጥ ወደ ባልዲው ይወርዳል።

«እማማ፣ ይህን ማን ሠራልዎ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ከተማ ያለው በያጅ ነዋ፣ ልጄ። የመስኮት ፍርግርግ የሚሠራው።»

«ሲበላሽስ ማን ይጠግንልዎታል?»

«ምኑ ይበላሻል? ገመዱ ያልቃል፤ ያልቅና ልጁ ይቀይረዋል። እናንተ ግቢ ያለውንስ ማን ይጠግነዋል?»

መልስ አልነበረኝም። ጎመኔን ይዤ ሄድሁ።

መሣሪያው የገመድ ፓምፕ ይባላል። አሠራሩ በአንድ እይታ የሚገባ ነው። በጉድጓዱ ውስጥ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ይቆማል። ሁለቱ ጫፎቹ ተገጣጥመው የታሰሩ ረጅም ገመድ በቱቦው ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከቱቦው ውጭ ወደ ታች ይወርዳል። በገመዱ ላይ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተራርቀው የተሰኩ ክብ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ቁራጮች አሉ፤ ስፋታቸው ከቱቦው ውስጠኛ ስፋት ጥቂት ብቻ ያንሳል። ከላይ ገመዱ የሚዞርበት መንኰራኩር አለ፤ ይህንንም ብዙ ጊዜ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ጠርዝ ቆርጠው ያበጁታል። ከታች ደግሞ ገመዱ ታጥፎ ወደ ቱቦው አፍ እንዲገባ የሚመራው አንድ ለስላሳ ማዞሪያ ይቀመጣል። እጀታው ሲዞር እያንዳንዱ ቁራጭ ከበላዩ ያለውን ውሃ ተሸክሞ ይወጣል። በጠርዙ ጥቂት ውሃ ቢያመልጠው ከሥር የሚከተለው ይቀበለዋል። የሚቃጠል ሽቦ የለው፣ የሚያረጅ ቫልቭ የለው።

ይህ ብልሃት የዛሬ ፈጠራ አይደለም። ቻይናዎች ከ1,900 ዓመት በፊት ጀምሮ ሳንቃ በተሰካበት ሰንሰለት ውሃ ወደ ላይ ሲያወጡ ነበር። በአውሮፓም ጌዎርጊዮስ አግሪኮላ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ስለ ማዕድን ሥራ በላቲን የጻፈው መጽሐፍ፣ እርሱ በሞተ በዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1556 ሲታተም፣ የማዕድን ጉድጓድ ውሃ የሚያወጡ እንዲህ ያሉ ሰንሰለቶች በሥዕል ተገልጸውበታል። በጎማ ፈንታ የፈረስ ጸጉር የተጠቀጠቀባቸው የቆዳ ኳሶች ነበሩ።

በዘመናችን ዳግመኛ ነፍስ የዘራበት አገር ኒካራጓ ናት። በ1980ዎቹ ኒካራጓ በጦርነት ላይ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ የንግድ ማዕቀብ ስለ ጣለችባት የውጭ መለዋወጫ ማግኘት ጭንቅ ሆነ። የገመድ ፓምፕ በትንንሽ ወርክሾፖች መሠራት የጀመረው በዚያን ዘመን ነው። ገበሬው የጎረቤቱን አይቶ ለራሱ እያሠራ፣ ቁጥሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሆነ። ወደ አገራችንም ከገባ ሃያ ዓመት ግድም ይሆነዋል። ችግር ያስተማረው ነገር ነውና፣ በተማረ ሰው ዓይን ሲታይ የድሃ ዕቃ ይመስላል። እኔም መጀመሪያ ያየሁት በዚያ ዓይን እንደ ነበር አልክድም።

ሰኞ ዕለት ክፍል ስገባ ለተማሪዎቼ ይህን ጥያቄ ሰጠኋቸው። በግቢያችን ጥግ፣ የኤሌክትሪኩ ፓምፕ ከመጣ ወዲህ የተረሳ አንድ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ። ውሃው ስንት ሜትር ላይ ነው? አንድ ጀሪካን ለማውጣትስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? በገመድና በድንጋይ ለኩት፤ 14 ሜትር ሆነ። እንግዲህ 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ይህን 14 ሜትር ከፍ ለማድረግ 2,744 ጁል ያስፈልጋል። አንድ ጤነኛ ሰው ሳይደክም ለረጅም ጊዜ ሊሠራ የሚችለው 75 ዋት ያህል ነው። ሲካፈል 37 ሰኮንድ ይመጣል። በሰበቃና በሚያመልጠው ውሃ የሚባክነውን ጨምረን 50 ሰኮንድ እንበል። ይህን ሂሳብ ቀድማ የሠራችው በዚያው ሳምንት ሁለት ቀን ወንዝ የወረደች ልጅ ናት። ቁጥሩን ካነበበች በኋላ ደብተሯን ዘግታ ዝም ብላ አየችኝ።

ጉዳዩን ለአስተማሪዎች ስብሰባ ሳቀርብ አንድ ባልደረባዬ፣ «ዓለም ወደ ፊት ሲሄድ አንተ ወደ ኋላ ልትመልሰን ነው?» አለኝ። ጥያቄው ቀልድ ስላልሆነ በቀልድ አላልፈውም። አያቶቻችን በእንስራ ውሃ መቅዳታቸውን እንደ ጸጋ የሚያወሩ ሰዎች አሉ፤ አብዛኞቹ እንስራውን ያልተሸከሙ ናቸው። ሞተርን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ሐኪም ቤት በገመድ አይሠራም፤ ከተማም በገመድ አይጠጣም። ከ35 ሜትር ለሚጠልቅ ጉድጓድ የሰው ክንድ ይደክማል። ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያወጡት ሰሌዳዎችም ዋጋቸው ባለፉት ዓመታት በብዙ ረክሷልና፣ በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ ለብዙ መንደር ተስፋ መሆኑ የታወቀ ነው። የእኔ ጥያቄ የመሣሪያውን ዕድሜ አይመለከትም። ሲሰበር የሚጠግነው ሰው የት ይኖራል? ነው የምለው።

ቀላል የሆነ ሁሉ በየትኛውም አገር ይሠራል ማለትም ስሕተት ነው። በባንግላዴሽ፣ በራንግፑር አካባቢ፣ ጉናር ባርንስ የተባለ ኖርዌጂያዊ መሐንዲስ በ1970ዎቹ መጨረሻ በእግር የሚረገጥ ፓምፕ ፈለሰፈ። ገበሬው በሁለት የቀርከሃ መርገጫዎች ላይ ቆሞ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው እየረገጠ ሩዙን ያጠጣል። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ነገር ግን ይህ ፓምፕ የሚሠራው ውሃውን በመሳብ ነው። ውሃን በቱቦ ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ክብደት መሆኑን ቶሪቸሊ እ.ኤ.አ. በ1643 አስረድቷል፤ በባሕር ጠረፍ ላይ ይህ ክብደት ከ10 ሜትር ጥቂት ያለፈ ውሃ ያቆማል። ባንግላዴሽ ዝቅተኛ ሜዳ ናት፤ ውሃዋም ለምድር ገጽ ቅርብ ነው። የእኛ ትምህርት ቤት ግን 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ መሳቡ በሂሳብ እንኳ 8 ሜትር አይሞላም። ያ የተመሰገነ ፓምፕ በግቢያችን ጉድጓድ ላይ ቢተከል ጠብታ አያወጣም። የገመዱ ፓምፕ ግን ተሸክሞ ስለሚያወጣ የአየሩ ክብደት አያግደውም።

ከዚያችው ከባንግላዴሽ የሚመጣ ሌላም ትምህርት አለ፤ ይህኛው መራራ ነው። ሕዝቡን ከወንዝና ከኩሬ ውሃ በሽታ ለማዳን ሲባል በ1970ዎቹ የእጅ ፓምፕ የተገጠመላቸው ቀጫጭን ጉድጓዶች በብዛት ተቆፈሩ። መሣሪያው ቀላል፣ ርካሽ፣ በመንደር የሚጠገን ነበር። በ1990ዎቹ ግን ከብዙዎቹ የሚወጣው ውሃ አርሴኒክ የተባለ መርዝ እንዳለበት ታወቀ። መርዙ ከምድሩ የመጣ ነው፤ ፓምፑ ምንም አላደረገም። ይሁን እንጂ ውሃው አስቀድሞ በላቦራቶሪ ቢመረመር ኖሮ ስንት ሰው በዳነ! ስለዚህ ገመድ ለመዘርጋት የሚነሣ ሰው ላቦራቶሪን ሊንቅ አይገባውም።

የተባበሩት መንግሥታት ከ1981 እስከ 1990 ያለውን ዐሥር ዓመት የመጠጥ ውሃና የንጽሕና ዐሥር ዓመት ብሎ በሰየመበት ጊዜ፣ የእጅ ፓምፕ ጉዳይ መሐንዲሶችን በብርቱ አሳስቧቸው ነበር። የሕንዱ ማርክ ሁለት የተባለው ጠንካራ ፓምፕ ብዙ ሕዝብ ቢያጠጣም፣ ሲበላሽ ከባድ የብረት ቧንቧውን ለማውጣት ልዩ መሣሪያና የሠለጠነ ቡድን ይሻል። አፍሪዴቭ የተባለው ከዚህ ትምህርት ተወስዶ በማላዊና በኬንያ የተሻሻለ ነው፤ ዋናውን ቧንቧ ሳያወጡ የሚያልቀውን ክፍል የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው እንዲቀይሩት ታስቦ ተሠራ። በአገራችን ገጠርም በብዛት የሚታየው ይኸው ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ግምት እንዳመለከተው፣ ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች ከነበሩት የእጅ ፓምፖች ሲሶ ያህሉ አይሠሩም ነበር። አንዳንዱ የቆመው በጥቂት ብር በምትገዛ የጎማ ማኅተም ምክንያት ነው፤ ጎማዋ በአቅራቢያው ገበያ ስለማትሸጥ ነው እንጂ ሰው ጠፍቶ አይደለም። ገመድና የጎማ ቁራጭ ግን የሌለበት ገበያ አይቼ አላውቅም።

በመሥሪያ ቤት ያላችሁ ወዳጆቼ የዕቃ ግዢ ቅጽ በየቀኑ ታያላችሁ። ዋጋ የሚሞላበት ቦታ አለው፤ የዋስትና ዘመን የሚሞላበትም አለው። የቅርቡ ጠጋኝ ከስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንዳለ የሚጠይቅ መስመር ያለበት ቅጽ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር ከብዙ ክርክር በኋላ ፈቀዱ። በጥር ወር በያጁ ከሁለት ረዳቶቹ ጋር መጣ። ጉድጓዱ ተጸዳ፣ አፉ በሲሚንቶ ተከደነ፣ ክሎሪን ተጨመረበት፤ ለመጠጥ የሚሆነው ደግሞ ሁልጊዜ እንዲታከም ተወሰነ። በመጀመሪያው ሳምንት ቋጠሮው ተፈትቶ ገመዱ ጉድጓድ ውስጥ ቀረ። ባልደረባዬ ፈገግ አለ። በክፍል ውስጥ አፉን ከፍቶ የማያውቅ፣ ከገጠር የመጣ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግን፣ «ጋሼ፣ በሬ የምናስርበት ቋጠሮ ይሻላል» ብሎ በእረፍት ሰዓት አስተካከለው። ያ ቋጠሮ እስካሁን አልተፈታም። ልጁም ከዚያ ወዲህ በክፍል ውስጥ እጁን ማውጣት ጀምሯል፤ አንዳንዴም ከሚገባው በላይ።

የኤሌክትሪኩ መቆጣጠሪያ በሐምሌ መጥቶ ተገጠመ። ሞተሩ ዛሬ ይሠራል፤ ታንከሩንም በአንድ ሌሊት ይሞላል፤ ደስ ብሎናል። ባለፈው ሳምንት ግን መብራት ሦስት ቀን ሙሉ ጠፍቶ ነበር። በጥጉ ያለው መንኰራኩር ከጠዋት ጀምሮ ሲጮህ ይሰማ ነበር፤ ዘይት ያስፈልገዋል። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ስም ስጠራ የቀረው አንድ ተማሪ ብቻ ነበር፤ እርሱም ጉንፋን ይዞት ነው።