ከሥነ ልቡና ምርመራ በላይ ስለሆኑ ነገሮች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በሩቅ አገር ያለ ልጅዋ መታመሙን በሕልም ያየች እናት እያለቀሰች ትነቃለች፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ የመታመሙ ወሬ ይደርሳታል። ይህን ሰምቶ «ከወዴት መጣ?» ብሎ የማይጠይቅ ማን ነው?

የዓለም ሊቃውንትም ይህንኑ ጠይቀዋል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1882 ዓ.ም. በሎንዶን እንዲህ ያለውን ነገር የሚመረምር ማኅበር ተቋቋመ። በአሜሪካም በዱክ ዩኒቨርሲቲ ጆሴፍ ራይን የተባለው መምህር 5 ዓይነት ምልክት የተሣለባቸውን 25 ካርታዎች ደብቆ ሰዎችን ያስገምት ነበር። በግምት ብቻ በአማካይ 5ቱ ይታወቃሉ፤ እርሱ ግን ከዚህ የበለጠ አገኘሁ ብሎ በ1934 ዓ.ም. መጽሐፍ አሳተመ። ሌሎች በጥብቅ ቊጥጥር ሲደግሙት ግን ውጤቱ አልጸናም። ስለዚህ የሥነ ልቡና ሊቃውንት አብዛኞቹ አልተቀበሉትም፤ ስለ ሕልምም የተፈጸመውን አንዱን እናስታውሳለን፥ ያልተፈጸመውን ብዙውን እንረሳለን ይላሉ። እኛም ይህን ጥንቃቄ አንንቅም።

ነገር ግን የተነገረው እውነት ሆኖ ቢገኝስ? በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 የተጻፈውን እናስተውል። በፊልጵስዩስ የምዋርት መንፈስ ያደረባት ገረድ ሐዋርያትን እየተከተለች የማን አገልጋዮች እንደ ሆኑ ትመሰክር ነበር። ቃልዋ ሐሰት አልነበረም። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ምስክርነትዋን አልተቀበለም፤ መንፈሱን በጌታ ስም አስወጣው። ስለ ምን? መንፈሱ እውነት ቢናገርም እርስዋን አስሮ ይዟት፥ ጌቶችዋም በእስራትዋ ይነግዱ ነበርና። ነጻ በወጣች ጊዜ ትርፋቸው ስለ ቀረ ጳውሎስንና ሲላስን አስገረፉ፤ አሳሰሩም።

እንግዲህ ሚዛናችን «እውነት ተናገረ ወይ?» የሚል ብቻ አይሁን፤ «ማንን ፈታ? ማንንስ አሰረ?» እንበል። ዮሴፍ የፈርዖንን ሕልም ሲፈታ ክብሩን ለእግዚአብሔር ሰጠ፤ ሕዝብም ከራብ ዳነ። ሳኦል በዓይንዶር ከመናፍስት ጠሪዋ ቤት የሚደርስበትን ሰማ፤ ነገር ግን ጉልበቱ ከድቶት በምድር ላይ ወደቀ እንጂ አልተጠቀመም።

ስለዚህ ሙቱን ናፍቆ ወደ ጠንቋይ ደጅ ሊሄድ ያሰበ ቢኖር፥ አስቀድሞ ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድ፤ ለሞቱ ወገኖቻችን የተሰጠን ጸሎተ ፍትሐትና ተዝካር ነው። አእምሮው የታወከበትም ከጸሎቱ ጋራ ወደ ሐኪም ቢሄድ እምነት እንደ ማጕደል አይቈጠርበትም። ያች እናትም ሕልሙ ከወዴት እንደ መጣ ባታውቅ፥ ለልጅዋ ወደ ማን እንደምትጸልይ ታውቃለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።